የተቀየረው ጸናጽል

ዕንባቆም ጸናጽሌን እንደቀየረብኝ ያወቅሁት ለኅዳር ቁስቋም ወረብ ስናጠና ነው። ብወዘውዘው ብወዘውዘው ድምፅ የለውም። ከበሮው ይሰማኛል፣ የወንዶቹ ዜማ ይሰማኛል፤ የእኔ ጸናጽል ግን ጭጭ። መምህሬ ሲሞቱ ያወረሱኝ፣ ቤተ ክርስቲያኑን የሚሞላ ጸናጽል ነበር። ዞር ብል ዕንባቆም ፈገግ አለልኝ። ሰርቆ ደግሞ ይስቃል!

"ጸናጽሌን መልስ" አልሁት በሰው ፊት።

"ምነው አያ ደሴ? ይኸው በእጅህ አይደል? ሸጋ አድርጎ ይጮኻል እኮ።"

ሌሎቹም "አዎ ይጮኻል" አሉ። ሁሉንም በጁ አድርጓቸዋል ማለት ነው።

እኔ ሰው በቀላሉ አላምንም፤ አመሌ ነው። ያን ሰሞን ግን ምክንያት ነበረኝ። መድኃኒት የተላመደ የሳንባ ነቀርሳ ይዞኝ፣ ኪኒኑ ልቤን ስላስቸገረው መርፌ እወጋ ነበር። ሳሉ ተወኝና ከሰው ተቀላቀል ተባልሁ። ብመለስ ሰው ሁሉ ተለውጦ ጠበቀኝ። ባለቤቴ ሥርጉት ስታወራ ታጉተመትማለች፤ "ምን አልሽ?" ስላት ትቆጣለች። ደጀ ሰላሙ ላይ የተቀመጡት ስደርስ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ጆሮዬም ያለ ፋታ ይጮህ ጀመር። እናቴ ጆሮ የሚጮኸው ሰው ሲያማህ ነው ትል ነበር። እኔን ማን እንደሚያማኝ ደግሞ ጠፍቶኝ አያውቅም፤ ከእኔ ቀጥሎ የሚቆመው፣ ቦታዬን የሚመኘው ዕንባቆም ነዋ!

የምትወጋኝ ነርስ ጽጌሬዳ የእሱ የእህት ልጅ ናት። መርፌውን ይዛ ፊት ለፊቴ ትቆምና "መሪጌታ፣ ጆሮዎ ይጮኻል? መስማት አልከበደዎትም?" ትለኛለች። አጎቷ ልኳት ካልሆነ ለሳንባ መርፌ ጆሮን ምን አመጣው? ሐሜታቸው እንደደረሰኝ ሊያረጋግጡ ነው ብዬ "ተመስገን፣ ምንም የለብኝም" እላታለሁ። ጆሮዬን እንድመረመር ስትልከኝም አልሄድሁም።

ከጥናቱ በቀጥታ ወደ እሷ ሄድሁ፤ ጸናጽሉን ከጋቢዬ ሥር አወጣሁ።

"ለአጎትሽ ንገሪው። ይኼ የእኔ አይደለም። ዲዳ ነው፤ ስሚው!"

አስጠግቼ በኃይል ወዘወዝሁት። ጽጌሬዳ ሁለት ጆሮዋን በእጇ ይዛ ወደ ኋላ ሸሸች። ውጭ አግዳሚው ላይ ያሉት በሽተኞች በሙሉ አንገታቸውን በበሩ አስገቡ። አንዲት እናት ያዘለችው ሕፃን ነቅቶ አፉን ከፍቶ ያለቅሳል። የእሱም ልቅሶ አልተሰማኝም።

እጄ ወረደ። ጽጌሬዳ የተዘጋጀውን መርፌ አንስታ ጣለችው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

"መሪጌታ፣ ምነው ሳይነግሩኝ?"

ሐኪሙ ጆሮዬ ሥር ተጠግቶ፣ እየጮኸ አስረዳኝ። ያ መርፌ ነቀርሳውን ሲገድል የውስጥ ጆሮንም ይጎዳል። ቀድሞ የሚጠፋው ቀጭን ድምፅ ነው፤ የጠፋውም አይመለስም። የቀረው እንዳይሄድ መርፌው ቆሞ መድኃኒቱ ይቀየራል። ጆሮዬ መጮህ በጀመረ ጊዜ ተናግሬ ቢሆን ይኼን ያህል ባልጠፋ ነበር። እዚያው ወንበሩ ላይ እንደ ልጅ አለቀስሁ።

ዕንባቆምን ይቅርታ መጠየቅ ከመርፌው ይልቅ አመመኝ። እሱ ግን ነገሩን ከጽጌሬዳ ሰምቶ ኖሮ ትከሻዬን ይዞ ዝም አለ። ወይም የሆነ ነገር ተናግሯል፤ እንጃ።

በኅዳር ስድስት እንደ ልማዴ ፊት ቆምሁ። ከበሮው ደረቴን ሲመታኝ ጸናጽሌን አነሳሁ። ወዘወዝሁት። ምንም የለም። ዞር ብዬ ዕንባቆምን አየሁት፤ ይጮኻል ሲል ራሱን ነቀነቀልኝ። ሌላ ምን አማራጭ አለኝ? አመንሁትና ቀጠልሁ።