የመድፍ ጋቢና

ግንቦት 1983 ከአይሻ ተነስተን ደወሌ ለመድረስ ሦስት ቀን ፈጀብን። ውሃ አልነበረም። ጦሩ ፈርሷል። ከኋላ አሳዳጅ፣ ከፊት ድንበር። የኛ ኡራል መኪና መድፉን እየጎተተ በስደተኛው መካከል ያዘግማል። ላዩ ላይ ቁስለኛና ጥይት ተጭኗል። ጋቢናው ሦስት ሰው ይይዛል፤ ሹፌሩን፣ አዛዡንና አንድ ተረኛ። የቀረነው በእግራችን እንሄዳለን። በሁለተኛው ቀን ተራው የጓዴ የተክለወልድ ነበር። ሆዴን አመመኝ ብዬ በሱ ቦታ ጋቢናው ላይ ወጣሁ። ሆዴ ደህና ነበር። ተክለወልድም ያውቃል። እኔ ተኛሁ፤ እሱ በተቀደደ ጫማ ሄደ። ድንበር ተሻግረን አሊ ሳቢህ ስንደርስ ሐኪሞች ከግራ እግሩ ሁለት ጣት ቆረጡ።

ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ጅቡቲ ቀረን። እኔ ሃያብለ ሰፈር መንገድ ዳር ጎሚስታ ሆንኩ። አብሮኝ የሚሠራው ባሺር ድሬዳዋ የተወለደ ሱማሌ ነው። ኮምፕሬሰሩ የሱ፣ ጉልበቱ የኔ። ተክለወልድ ማዕከላዊ ገበያ ዘበኛ ሆነ። አርብ አርብ እኔ ዘንድ ይመጣል። ሰላምታ አያውቅም።

«ጋቢናዬስ?» ይላል።

«ይመጣል» እላለሁ።

ሃያ ሦስት ዓመት እንዲህ አልን። የሰፈሩ ሰው ስሙ መስሎት፣ አቶ ለማለት፣ «ሙሴ ጋቢና» ይለዋል። እሱም አቤት ይላል።

ለመክፈል አልሞከርኩም አይባልም። ታክሲ ጠርቼ የፊቱን ወንበር ሰጠሁት፤ አልገባም አለ። አንድ ጊዜ የአዲስ አበባ ተሳቢ ጎማ ሊያስለጥፍ ሲቆም ሹፌሩን ለምኜ በሩን ከፈትኩለት። ተክለወልድ አንገቱን አስገብቶ አየ። ፍራሽ አለ፣ ማራገቢያ አለ፣ መጋረጃ አለ።

«ምንድን ነው የጫነው?» አለኝ።

«ማዳበሪያ።»

«እኔ የማዳበሪያ ጋቢና ነው ያበደርኩህ?»

በሩን ዘግቶ ሄደ። ልክ ነው። የወሰድኩበት የመድፍ ጋቢና ነው። ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ከየት ላምጣለት?

በፈረንጆች 2014 መጋቢት ላይ የእህቱ ልጅ ቦንቱ ከድሬዳዋ ደወለች። ቤት አለ፣ ና፣ እዚህ እርጅ አለችው። ሐሙስ ሊሳፈር ቆረጠ። ለኔ የነገረኝ ማክሰኞ ነው፤ እየሳቀ ነው የነገረኝ። ዕዳህን ታቅፈህ ቁጭ በል አለኝ። እኔ አልሳቅሁም። የሰው ጣት ወስጄ ሳልመልስ ልቀር ነው።

ረቡዕ ጧት ሊሰናበተኝ መጣ። እንደተቀመጠ ከበረሃ ልምምድ የሚመለስ የውጭ አገር ጦር በፊታችን አለፈ። ሁሉም ሲያልፍ አንድ መኪና እያነከሰ መጥቶ ሱቃችን በር ላይ ቆመ። ስድስት ጎማ አለው። ፊቱ ጋቢና፣ ጀርባው ላይ ረጅም አፈሙዝ ተጋድሟል። ከኋላው አንድ ትልቅ ብረት ወደ ላይ ታጥፏል፤ ሲተኩስ መሬት ረግጦ የሚይዝበት ነው። ትርፍ ጎማቸውን በረሃ ጨርሰዋል። አሁን ደግሞ የኋላ ግራውን ጎማ ብረት ወግቶታል።

ባሺር በፈረንሳይኛ አነጋገራቸው። እኔ ክሪኬን አነሳሁ። መድፍ ብዙ አውቃለሁ፣ ጎማም አውቃለሁ፤ ሁለቱን ባንድ ላይ ስፈታ የመጀመሪያዬ ነበር። ሰንሰለት ያለው መድፍ መንገዱን ያርሳል፣ ሩቅ ሲሄድ ሌላ መኪና ይሸከመዋል። ይሄኛው አስፋልት ላይ እንደ አውቶቡስ ይሄዳል። ግን ጎማ ያለው ነገር ሁሉ አንድ ቀን ጎሚስታ በር ላይ ይቆማል።

ተክለወልድ መድፉን ሁለት ጊዜ ዞረው። የሚጎትተው የታለ ብሎ አስጠየቀ። ሃምሳ አለቃቸው ሳቀ፤ ራሱን በራሱ ነው የሚወስደው አለ። ቆሞ ለመተኮስ ስንት ይፈጃል ብሎ አስጠየቀ። አንድ ደቂቃ፤ ተኩሶ ለመሄድም ያን ያህል። እኛ በአንድ ደቂቃ መድፉ የሚጎተትበትን መንጠቆ እንኳ አንፈታም ነበር። ከዚያ ስንት ሰው ጋቢና ውስጥ ይቀመጣል አለ። ሁላችንም፣ አሉት።

ተክለወልድ ጋቢናውን ቀና ብሎ አየ። በኋላ ወደኔ ዞረ።

«ይህን የሠራው ሰውዬ፣ ተራው ደርሶ በእግሩ የሄደ መሆን አለበት።»

ጎማውን ከውስጥ ለጥፌ፣ ነፍቼ፣ መልሼ አሰርኩ። ሃምሳ አለቃው ኪሱ ገባ። አልፈልግም አልኩ። ባሺር ፊቱን አጠቆረ። ጋሼ ፀሐይ መታህ እንዴ አለኝ። ይህን ሰውዬ ከፊት እስካለው አደባባይ ጋቢና ውስጥ ይውሰዱልኝ፣ ሌላ ክፍያ የለኝም በልልኝ አልኩት።

አይቻልም፣ ደንብ ነው አሉ። ምክንያቱን እንዲያስረዳልኝ ለመንኩት። ባሺር ጀመረ። የኔ ታሪክ አጭር ነው፤ የሱ ረዘመ። ምን እንደጨመረበት አላውቅም። ብቻ ሃምሳ አለቃው የተክለወልድን ጫማ ሲያይ አየሁ። ከዚያ ጋቢናውን ከፈተ። በቀስታ፣ እስከ አደባባዩ፣ ምንም ሳይነካ አለ።

አሁን ደግሞ ተክለወልድ አልወጣ አለ።

«ይሄ አይጎትትም» አለኝ።

«የወሰድኩብህ ጋቢና ነው፤ መንጠቆ አይደለም።»

አሰበበት። ኮቱን ቆለፈና ወጣ። ወታደሮቹ ተጠጋግተው በመስኮቱ በኩል ቦታ ለቀቁለት።

መድፉ ተንቀሳቀሰ። መንገዱ በፍየልና በጋሪ ተጨናንቋል፤ በሰው እርምጃ ነው የሚሄደው። እኔ ከጎኑ በእግሬ ተከተልኩ። ማንም አላዘዘኝም። ፀሐይዋ ወጥታለች፣ ጫማዬ ነጠላ ነው። አትክልት የምትሸጥ ሴት ሙሴ ጋቢናን መድፍ ላይ አይታ አፏን ያዘች። እሱ ክንዱን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ቁልቁል ያየኛል።

«እግርህን አንሳ ሽብሩ፤ ኮንቮዩን አታስቀር» አለ።

አነሳሁ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ስምንት መቶ እርምጃ ቆጠርኩ።

አደባባዩ ላይ ወረደ። ተረከዙን አጋጥሞ ለሃምሳ አለቃው ሰላምታ ሰጠ፤ ልጁም ቀጥ ብሎ መለሰ። መድፉ ፍጥነት ጨምሮ ሄደ። ተክለወልድ አቧራው እስኪበርድ ጠበቀ። ከዚያ እጁን ዘረጋልኝ።

«ተከፍያለሁ» አለ።

እጁን ያዝኩት። ወደ ሱቁ በእግራችን፣ በሱ እርምጃ ተመለስን።