የወረታው ንጹሕ መረጃ

የቡድናችን ስም ረጅም ነው፤ «የወረታና አካባቢው የመረጃ መተንተኛ ሶፍትዌር ተጠቃሚዎች ማኅበር»። ስሙን የሚያህል አባል ግን የለንም። ስንመዘገብ ሠላሳ አራት ነበርን። በወር አንድ ቅዳሜ ስንሰበሰብ አሥራ አንድ እንሆናለን፤ ምሳ አለ ከተባለ አሥራ ዘጠኝ። ከእነዚህ ውስጥ ሶፍትዌሩን በእውነት የምንከፍተው አራት ብንሆን ነው፤ የቀሩት ስለ ሶፍትዌሩ ያወራሉ።

ሰብሳቢያችን ሰውመሆን ይባላል። ባሕር ዳር አምስት ቀን ሠልጥኖ ከተመለሰ ወዲህ «መረጃ» ሳይል ውሃ አይጠጣም። የምንሰበሰብበት ሆቴል የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ መገንጠያ ላይ ስለሆነ የጭነት መኪና ጡሩምባ በሰማ ቁጥር ንግግሩን አቁሞ ዝምታ እስኪመጣ ይጠብቃል። ወረታ መገንጠያ ላይ ቆሞ ዝምታ የሚጠብቅ ሰው ስብሰባውን በስንት ሰዓት እንደሚጨርስ እናንተው ገምቱ።

ጥቅምት ስምንት ቅዳሜ የዕለቱ መነጋገሪያ እኔ ነበርኩ። ይታይሽ እባላለሁ፤ በአንድ የእርዳታ ፕሮጀክት ውስጥ የመረጃ ባለሙያ ነኝ። በክረምቱ ጎርፍ የተጎዱትን የፎገራ ቀበሌዎች የሚያሳይ ዳሽቦርድ ሠርቼ ነበር፤ ጎርፍ የመታው ቀይ፣ ያልነካው አረንጓዴ። ቀይ ለሆኑት ሰኞ የሽምብራ ዘር ይጫንላቸዋል። ሩዙን ደለል የቀበረበት ገበሬ፣ መሬቱ እርጥበቱን ሳይጨርስ ሽምብራ ካልዘራበት ዓመቱን ሙሉ እጁን አጣጥፎ መቀመጡ ነው። ይህን የነገረኝ ሥልጠና አይደለም፤ የገበሬ ልጅ ነኝ። ማወቄ ምን እንደጠቀመ ቀጥሎ ታያላችሁ።

ሰውመሆን ዳሽቦርዴን ግድግዳው ላይ አብርቶ አሞገሰኝ። ከስድስት ሺህ መስመር ውስጥ አንድም ስህተት የሌለበት፣ በዞኑ ታይቶ የማይታወቅ ሥራ ነው አለ። ባሕር ዳር ለሚደረገው ውድድር እንደሚልከውም አበሰረ። «ለንጹሕ መረጃ» የሚል የምስክር ወረቀት በፍሬም ተዘጋጅቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። እኔም ትሑት ሰው መስዬ አቀርቅሬ ቆሜያለሁ፤ ለዚህ ቀን ብዬ የተኮስኩት ቀሚስ ግን ትሕትናዬን ያጋልጥ ነበር።

በዚህ መሀል ቄስ አዛናው ገቡ። በርብ ወንዝ ዳር ያለች አንዲት ቀበሌ ቄስ ናቸው፤ ራሳቸውም ገበሬ ናቸው። ቀበሌያቸው ከዘሩ ዝርዝር ለምን እንደቀረች ለመጠየቅ ሦስት ጊዜ ቢሯችን ተመላልሰዋል። ሦስቱንም ጊዜ የተሰጣቸው መልስ «ኮምፒዩተሩ ነው የወሰነው» የሚል ነበር። በመጨረሻ ጥበቃው አዝኖላቸው፣ የኮምፒዩተሩ ባለቤቶች ቅዳሜ ሆቴል ይሰበሰባሉ ብሎ ጠቆማቸው። በቢሯችን ውስጥ ትክክለኛ መረጃ የሰጠ ሰው እሱ ብቻ ነው።

ሰውመሆን ስብሰባውን ሊባርኩ የመጡ መስሎት ከፊት አስቀመጣቸው። እሳቸውም ተነሥተው አጠር አድርገው ባረኩና ቀበሌያቸው የትኛዋ እንደሆነች ጠየቁኝ። አሳየኋቸው። አረንጓዴ ናት።

«ይኸ አረንጓዴው ምንድን ነው ልጀ?»

«ጎርፍ ያልነካው ማለት ነው አባ።»

አረንጓዴውን ቀረብ ብለው አዩት። ከዚያ እሳቸው ራሳቸው ከቤታቸው የወጡት በታንኳ እንደሆነ ነገሩኝ። እኔም ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ረጋ ብዬ፣ መረጃው ከየቤቱ የተሰበሰበ መሆኑን፣ ጎርፍ ቢኖር ኖሮ እዚህ ላይ ይታይ እንደነበር አስረዳኋቸው። አዎ፣ በጎርፍ ከቤቱ ለወጣ ሰው ጎርፍ አልነበረም አልኩት። ለወጉ ያህልም መቼ እንደነበር ጠየቅኳቸው።

«በሩፋኤል ነዋ። ጳጉሜን ሦስት።»

ወደ ኮምፒዩተሬ ዞርኩ።

ሶፍትዌሩ የሚያውቀው አሥራ ሁለት ወር ነው። አሥራ ሦስተኛ ወር ስትሰጡት «ስህተት» ብሎ መስመሩን በቀይ ያሰምርበታል። በመስከረም መጨረሻ፣ ሪፖርቱ ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት መስመር በቀይ ተሰምሮበት አየሁ። ምን እንደሆነ አልከፈትኩትም። «ስህተት ያለባቸውን አስወግድ» የሚለውን ተጫንኩና ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። በየዓመቱ በሩፋኤል ዝናብ ደጅ ወጥቼ የምጠመቅ ሰው፣ ጳጉሜንን ከነሰዎቿ ጠርጌ ጣልኳት። ንጹሕ የተባለው መረጃ ይኸው ነው።

ሶፍትዌሩ የተጣለውንም መዝግቦ ስለሚያስቀምጥ፣ እዚያው በሰው ፊት ሥራዬን አንድ እርምጃ ወደኋላ መለስኩት። አረንጓዴዋ ቀበሌ ቀላች። ከሁሉም የባሰችው እሷ ነበረች። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ሰውመሆን ሲለምነው የኖረውን ዝምታ አገኘ።

መጀመሪያ የነቃውም እሱ ነው። ቀኑን ነሐሴ ሠላሳ እናድርገው አለ፤ ሶፍትዌሩ ይቀበለዋል። መረጃው ከቀበሌው ዘግይቶ ደረሰ እንላለን፣ ማንም አይወቀስም፣ የምስክር ወረቀቱም ባለበት ይቆያል። የፕሮጀክታችን የዘር ስርጭት ኃላፊ፣ ደስታው የሚባለው፣ ከኋላ ተቀምጦ ነበር፤ የተፈረመ ዝርዝር ያለ ምክንያት እንደማይከፍት፣ «ዘግይቶ የደረሰ መረጃ» ግን በቂ ምክንያት እንደሆነ ተናገረ። ከቀበሌው ሽማግሌ አንድ ፊርማ ይበቃል። እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ። ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ እስክሪብቶውን ለቄስ አዛናው ያቀበልኩትም እኔ።

መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡና እስክሪብቶውን መለሱልኝ።

«በነሐሴ ጎርፍ አልመጣም።»

ደስታው ልዩነቱ የሦስት ቀን ብቻ መሆኑን ነገራቸው። ለሦስት ቀን ብለው ዘሩን ሊያስቀሩ ነው ወይ ብሎም ጠየቃቸው።

«ዘሩስ እንዳይቀርብን ነው አገሩ የላከኝ» አሉ። «ግን የንስሐ ልጀን ታይቱን ውሃው የወሰዳት በሩፋኤል ነው። ከዚያች ቀን ቆጥረን ትናንት የአርባ ቀን ተዝካሯን አወጣን። አሁን በነሐሴ ነው ብየ ብፈርም፣ ትናንት የጸለይሁ ለማን ነው?»

መስመሯን ፈለግኳት። «በጎርፉ የሞተ ሰው» በሚለው ሥር አንድ ተጽፏል። በዳሽቦርዴ አናት ላይ ግን በትልቁ ዜሮ አለ። ያቺን ዜሮ ወድጃት ነበር፤ ጎላ እንድትል ብዬ ቀለም መርጬላታለሁ። እንዲያ አፍሬ አላውቅም።

ወረቀቱን ቀደድኩና ሌላ ጻፍኩ፤ ጎርፉ የመጣው ጳጉሜን ሦስት ቀን ነው፣ መረጃውን ሳላይ ያጠፋሁት እኔ ይታይሽ ነኝ የሚል። ደስታው አንብቦ ወዲያው ዝርዝሩን ከፈተ፤ ለካ ሲቸግረው የኖረው የሚወቀስ ሰው ማጣቱ ነው። ቄስ አዛናውም በምስክርነት ፈረሙ።

የምስክር ወረቀቱ? ተሰጠኝ እንጂ። ሰውመሆን ፍሬሙ አንዴ ተገዝቷል አለ። ተጨበጨበ፣ ፎቶ ተነሣን። ቄሱ ጽጌን ስለሚጾሙ ለምሳ የቀረበውን ጥብስ ሳይነኩ ውሃቸውን ብቻ ይዘው ወጡ።

ሰኞ ሽምብራው ተጫነ። ቀኑን በፋይሉ ውስጥ በፊደል «ጳጉሜን 3» ብዬ ጻፍኩት። ሶፍትዌሩ እስከ ዛሬ ከጎኑ ቀይ ምልክት ያደርግበታል። ሰውመሆን ለውድድሩ ስለማያምር አጥፊው ብሎ ሦስት ጊዜ ደውሏል። አላጠፋሁም። ዜሮው የነበረበት ቦታ ላይ አሁን አንድ አለ፤ ከሥሩ «ታይቱ» የሚል ጽፌበታለሁ።