የማይነቀል ካርድ

«ራዳና፣ ይቺ ነገር አንዴ ተጥላ አልነበር?» አለ የሥራ ባልደረባዋ ኦታካር፣ የጻፈችውን ኮድ ወደ ታች እየገፋ። «ከሁለት ዓመት በፊት መሰለኝ። አንድ ፖላንዳዊ ልኳት... ማን ነበር የጣላት?»

«እኔ።»

ኦታካር ሊስቅ ብሎ ፊቷን ሲያይ ተወው።

የሁለቱ ሥራ፣ እዚህ በቼክ አገር ከተማ በብርኖ፣ በኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚያስመስል ፕሮግራም መጻፍ ነው። አስመሳዩ ኮምፒውተር ካርዱም ሶኬቱም የውሸት ነው፤ ግን እንደ እውነተኛው፣ ሳይጠፋ፣ በሥራ ላይ እንዳለ ካርድ ይሰካበታል፣ ይነቀልበታል። ፖላንዳዊው የላከው ይህን መንቀል የሚከለክል ማብሪያ ማጥፊያ ነበር። ሰዎች ፍላሽ አወጣን እያሉ የኔትወርክ ካርዱን ይነቅላሉ፣ ተቸገርን አለ። ራዳና ታዲያ ዓለም ሁሉ በሚያነበው የሥራ መድረክ ላይ ምን ብትመልስለት ጥሩ ነው? «የሚጫነውን ለማያነብ ሰው ማብሪያ ማጥፊያ ሳይሆን መነጽር ግዙለት።» ስንቱ ሳቀ! ነገሩም በዚያው ቀረ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

አባቷ ቦሁሚር ከትራም ሾፌርነት ጡረታ ከወጣ ወዲህ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ እንግዳ ተቀባይ ነው። እዚያ ከምትኖረው ከሄድቪካ ጋር በየቀኑ ከምሳ በኋላ ካርታ ይጫወታሉ። የራዳና እናት ከሞተች በኋላ ይህን ሰውዬ ያሳቀችው እሷ ብቻ ናት። ባለፈው ሳምንት ሰማንያ ዓመት ሲሞላት በወጣትነቷ የጨፈረችበትን ሙዚቃ በፍላሽ ይዞላት ሄደ። ሙዚቃውን በእንግዳ መቀበያው ኮምፒውተር ላይ ገልብጦ ሲጨርስ ፍላሹን በሥርዓት ላውጣ ብሎ ከስክሪኑ ግርጌ ያለችውን ምልክት ተጫነ። ሁለት ስም መጣለት፤ የላይኛውን ነካ። «አሁን ማውጣት ይችላሉ» ሲለው ፍላሹን ኪሱ ከቶ ኬክ ሊያመጣ ወጣ።

የነቀለው የኔትወርክ ካርዱን ነበር፤ ያ ኮምፒውተርም በእነራዳና ፕሮግራም የሚሠራ አስመሳይ ነውና። የአልጋ ደወሎቹ ሁሉ ወደ ነርሶቹ ስልክ የሚያልፉት ደግሞ በዚያው ኮምፒውተር ነው። አርባ ደቂቃ ሙሉ አንድም ደወል አልተሰማም። ሄድቪካ ደውላ ደውላ ሰው ስታጣ ብቻዋን ተነሣች፤ ወደቀች። በሦስተኛው ቀን ሞተች፤ ትናንት ተቀበረች።

«አባትሽ ያንን መልስሽን ያውቃል?» አለ ኦታካር።

«አያውቅም። ‹እኔ ነኝ የገደልኳት› እያለ እህል አልቀምስ ብሏል። እኔ ደግሞ አፌን ዘግቼ ሾርባ አመላልስለታለሁ።»

«ብትነግሪው ምን ይጠቅመዋል? የቀረሽለት አንቺ ብቻ ነሽ፤ አንቺንም ይጣ?»

«ይጣኛ! ብቻውን ተሸክሞት ይሙት እንዴ?»

ኦታካር ወደ ኮዱ ተመለሰ። «ሰዎቹ ማብሪያ ማጥፊያውን ካልነኩት ግን ካርዱ እንደ ድሮው ይነቀላል።»

«ደንቡን ታውቀው የለ፤ የለመዱትን አንሰብርባቸውም። በአባቴ መሥሪያ ቤት ግን እኔው ሄጄ መንቀሉን አስዘጋዋለሁ።» ኮምፒውተሯን አጥፍታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ቦሁሚርን ያገኘችው ከከተማው ዳር ካለችው የአትክልት ቦታው ነው። የበሰለ ፍሬ ከየቁጥቋጦው እየረገፈ እሱ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ከጎኑ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ የምነግርህ አለ። አትቆጣኝ አልልህም።»

አንድም ሳትደብቅ ነገረችው። መልሷን ቃል በቃል በቋንቋቸው ተርጉማ አነበበችለት።

«ሳቁ?» አላት።

«ሳቁ።»

«አንቺስ?»

«እኔም ስቄያለሁ።»

«በእኔ ነበራ የሳቅሽው።»

«አንተ እንደምትሆን በምን አውቄ፣ አባዬ?»

«እኔ ባልሆንስ?»

ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች። ልቧ እውነትም ተሰብሯል። አባትየው እጁን ትከሻዋ ላይ አላሳረፈም፤ ተነሥቶም አልሄደም።

በመጨረሻ «መንቀሉን የሚከለክለውን ማብሪያ ማጥፊያ ጽፌ ጨርሻለሁ» አለችው። «በእኛ ሥራ ጉድለቱን ያመለከተ ሰው ስሙ አብሮ ይጻፋል፤ እዚያው ይኖራል። ከፈቀድክልኝ ያንተን ስም ልጽፍ ነው።»

«እኔ ምን አመለከትኩ? ኬክ ቤት ነበርኩ» አለ ቦሁሚር። «አርባ ደቂቃ ስትደውል የነበረችው እሷ ናት።»

ራዳና ኮምፒውተሯን ጉልበቷ ላይ ከፈተች። መጀመሪያ «ይህ ከሁለት ዓመት በፊት ቀርቦ ነበር፤ አፊዤ የጣልኩት እኔ ነኝ» ብላ ጻፈች። ከሥሩ «ያመለከተች፦ ሄድቪካ» ብላ ቆመች።

«የቤተሰቧ ስም ማን ነበር?»

ቦሁሚር አንድ በአንድ፣ ፊደል በፊደል ነገራት። ጻፈችውና እንባዋን ሳትጠርግ ላከችው።