ሠላሳ አምስት ትርፍ ዲግሪ

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ኮምፒዩተሩ ለሦስተኛ ጊዜ ጠፋ። ኛይየን ገና ያላስቀመጠችው ገጽም አብሮት ሄደ። እጆቿን ከቁልፎቹ ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አሳረፈችና ጥቁሩን ስክሪን አየችው።

ጊዜው የ1993 መጋቢት ነበር። ጋምቤላ ራሷን የቻለች ክልል ከሆነች አሥር ዓመት አልሞላትም፤ በየቢሮው ገና የጽሕፈት መኪና ይንጫጫል። ኛይየን ጅማ ድረስ ሄዳ የስድስት ወር የኮምፒዩተር ትምህርት ተምራ ስትመለስ፣ የተሰጣት ሥራ በኑዌር ቋንቋ፣ በላቲን ፊደል የሚዘጋጀውን የአንደኛ ክፍል የንባብ መጽሐፍ መተየብ ነበር። መምህራን በእጃቸው ከጻፉት መቶ አርባ ገጽ መቶ አሥሩን ጨርሳለች። የቀረው ሠላሳ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ያለው ማተሚያ ቤት ደግሞ ተራ ይዞ የሚጠብቃቸው እስከ ዓርቡ አውሮፕላን ድረስ ብቻ ነው። ያ ተራ ካለፈ ልጆቹ መስከረምን ያለ መጽሐፍ ይጀምራሉ።

ማሽኑን ከሸጠው ድርጅት የተላከው ቴክኒሻን ወንዶሰን በዚያው ማክሰኞ ጠዋት ነበር የደረሰው። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ፣ ላቡን በመሐረብ እየጠረገ አጠገቧ ቆሞ ሁሉንም አይቷል።

«አየሽ አይደል?» አላት። «ሊጠፋ ሲል ፕሮግራሙ ስንት አለ?»

«ዘጠና።»

ፕሮግራሙ ስክሪኑ ጥግ ላይ ቁጥር የሚያሳይ ትንሽ ሳጥን ነው። የኮምፒዩተሩን ልብ፣ ፕሮሰሰር የሚሉትን፣ የሙቀት መጠን ይናገራል። ማሽኑ ሲሸጥ አብሮ ተጭኖ የመጣ ነው።

«በቃ፣ ፕሮሰሰሩ አልቆለታል» አለ ወንዶሰን። «ለዚህ አገር ሙቀት አልሆነም። ዓርብ ይዤው ልመለስና ይቀየራል።»

የክፍሉ ኃላፊ አቶ ሆት በሩ ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። ረጅም፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ የቀድሞ መምህር ናቸው። «ስንት ጊዜ ይፈጃል?» ብለው ጠየቁ።

«ዕቃው ከውጭ ነው የሚመጣው። ሁለት ወር።»

«መጽሐፉስ?»

«እዚያው አዲስ አበባ ጸሐፊ ይተይበዋላ።»

ኛይየን ዞር አለች። «ቋንቋውን የማያውቅ ሰው? ከፊደሉ ሥር ያለችው መስመር ከቀረች እኮ ቃሉ ሌላ ቃል ነው የሚሆነው።» ቀጠለችና «ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ና እይ» አለችው።

ኮምፒዩተሩን አስነሳችና ወዲያው አንድ ቁልፍ ተጭና ሰማያዊው ገጽ ውስጥ ገባች። ይህ ማሽኑ ፕሮግራሞቹን ከመክፈቱ በፊት ስለ ራሱ የሚናገርበት ገጽ ነው። እዚያም የፕሮሰሰሩ ሙቀት ተጽፏል፦ ሃምሳ አምስት።

«አንዱ ዘጠና ይላል፣ አንዱ ሃምሳ አምስት። ፕሮሰሰሩ አንድ ነው። የትኛውን ልመን?»

ወንዶሰን ፈገግ አለ። በክፋት አልነበረም፤ ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ጠይቆታል። «ጠፍቶ እስኪነሳ ድረስ እኮ ይቀዘቅዛል። ሥራ ላይ እያለ ያለውን የሚያውቀው ፕሮግራሙ ነው።»

መልሱ መልስ ይመስላል። አቶ ሆት ራሳቸውን ነቅንቀው «እንግዲህ ዓርብ ይሂድ» አሉና ወጡ። ኛይየን ግን ወደ ቤቷ ስትሄድ ነገሩ አልዋጥ አላት። የባሮን ድልድይ እስክትሻገር ድረስ ስለ አንድ ነገር ታስባለች፦ ጄኔሬተሩ ድንገት ሲቆም ስክሪኑ ድርግም ብሎ ነው የሚጠፋው። ሙቀቱ ዘጠና ሲል ግን እንደዚያ አይደለም። መስኮቶቹ አንድ በአንድ ይዘጋሉ፣ «በመዘጋት ላይ ነው» የሚል ጽሑፍ ይመጣል፣ ከዚያ ይጠፋል። የታመመ ማሽን እንዲህ በሥርዓት ይወድቃል? ይህ እኮ ዝጋ ተብሎ የታዘዘ ነው። ማን አዘዘው?

በማግስቱ ማለዳ ቢሮ ከመግባቷ በፊት ወደ ጤና ጣቢያው ጎራ አለች። የክትባት ነርሷ ሺታዬ ወላጆቿ በሰፈራ ከወሎ የመጡ ናቸው፤ ከኛይየን ጋር ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተማሩ ጓደኛሞች ናቸው።

«የክትባት ፍሪጁን ቴርሞሜትር ለዛሬ አውሺኝ» አለቻት።

ሺታዬ ሳቀች። «ማን ታሞብሽ ነው?»

«ኮምፒዩተር።»

«ትርፉን ውሰጂ፤ ዋናውን ከፍሪጁ አላወጣም። ከሰበርሽው ግን አንቺን ነው የምወጋሽ!»

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ኛይየን ቢሮዋን ከፈተች። ማሽኑ ከትናንት ማታ ጀምሮ አልተነካም። ቴርሞሜትሩን የኮምፒዩተሩ ሳጥን ላይ አስቀምጣ ጥቂት ጠበቀች፤ ክፍሉ ሃያ ስምንት ዲግሪ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ጠፍቶ ያደረ ዕቃ ካለበት ክፍል ሊሞቅ አይችልም። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛውን ቁጥር ማሽኑን ሳትጠይቅ አወቀች።

ጄኔሬተሩ እንደተነሳ ሰማያዊውን ገጽ ከፈተች። ሠላሳ ሁለት ይላል። ወረቀት ላይ ጻፈች። ወጥታ ፕሮግራሙ እስኪከፈት ጠበቀች። የመጀመሪያው ቁጥር ስልሳ ሰባት!

ወዲያው አጥፍታ ወደ ሰማያዊው ገጽ ተመለሰች፤ ሠላሳ ሦስት። እንደገና ፕሮግራሙ፤ ስልሳ ስምንት። ሰማያዊው ገጽ፤ ሠላሳ አራት። ፕሮግራሙ፤ ስልሳ ዘጠኝ። በመጨረሻም ማሽኑን አጥፍታ የሳጥኑን ጎን ፈታችና ፕሮሰሰሩ ላይ የተጫነውን አሉሚኒየም በጣቷ ነካችው። ለብ ብሏል፤ ቁርስ ላይ ተረስቶ እንደቆየ ሻይ።

ወንዶሰን ሲመጣ ወረቀቱን ዘርግታ ጠበቀችው። አቶ ሆትንም ጠርታለች።

«ትናንት በመነሳት ላይ እያለ ይቀዘቅዛል ብለኸኝ ነበር» አለችው። «ከስልሳ ስምንት ወደ ሠላሳ አራት በግማሽ ደቂቃ ይወርዳል? ወርዶስ ተመልሶ ስልሳ ዘጠኝ ይወጣል? ልዩነቱን ተመልከት፤ እዚህ ሠላሳ አምስት፣ እዚህም ሠላሳ አምስት። ጠዋትም፣ ትናንት ሞቆ እያለም ከዘጠና ሃምሳ አምስት ሲቀነስ ያው ሠላሳ አምስት ነው። መቀዝቀዝ ቢሆን ኖሮ አንዴ ይበዛ፣ አንዴ ያንስ ነበር። ይህ ፕሮግራም በሰማው ቁጥር ላይ ሠላሳ አምስት እየጨመረ ነው የሚያወራው።»

ወንዶሰን ወረቀቱን አንስቶ ቆመ። ቁጥሮቹን በጣቱ እየተከተለ እስከ ታች ወረደ። ከዚያ ግንባሩን በመዳፉ መታ።

«ቦርዱ!» አለ። «ፕሮሰሰሩ የተተከለበት ቦርድ የራሱ መቁረጫ አለው እኮ። እውነተኛው ሙቀት ሰባ አምስት ከገባ ማንንም ሳይጠይቅ ኤሌክትሪኩን ይቆርጣል። ዘጠና የሚባል ቁጥር ጋ ሊደርስ አይችልም ነበር! እንዴት አላሰብኩትም?»

«ታዲያ ማነው የሚያጠፋው?» አሉ አቶ ሆት።

ወንዶሰን ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ የፕሮግራሙን ምርጫዎች አንድ በአንድ ከፈተ፣ ሦስተኛው ላይ ቆመ። ኛይየን ከትከሻው በላይ አነበበች፦ ሙቀቱ ዘጠና ሲደርስ ኮምፒዩተሩን ዝጋ።

«ይኸው ያዘዘው» አለች ቀስ ብላ።

«አዲስ አበባ ስንሞክረው አንድም ቀን አልጠፋ» አለ ወንዶሰን። «ክፍሉ ሃያ ዲግሪ ነዋ። ሠላሳ አምስት ጨምሮም ሰባ ምናምን ላይ ይቀራል። እዚህ ግን ከሰዓት በኋላ ውጪው አርባ ሲገባ ውሸቱ ዘጠና ደረሰ።» ከዚያ ወደ አቶ ሆት ዞረ። «ጌታዬ፣ ትናንት ፕሮሰሰሩ አልቋል ያልኩት ስህተት ነው። ትክክለኛዋ እሷ ናት።»

ፕሮግራሙን ከማሽኑ ላይ አጠፉት። ግን ስምንት ሰዓት ገና አልመጣም፤ የሁሉም ልብ እዚያ ሰዓት ላይ ነበር። ወሬው በኮሪደሩ ስለተሰማ፣ ፀሐይ ጣሪያውን ስታግል ከሌላ ክፍል የመጡ ሠራተኞች ሳይቀሩ በሩ ላይ ቆሙ። ኛይየን ትተይባለች። ሰባት ሰዓት ተኩል። ስምንት። የሺታዬ ቴርሞሜትር አርባ አንድ ይላል። ስምንት ተኩል ሲሆን አንድ ሰው «አሁንም አለ?» ብሎ ጠየቀ። አለ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አስቀምጣ አጠፋችውና ሰማያዊውን ገጽ ለሁሉም አሳየች፦ ሃምሳ ስድስት። አቶ ሆት ድንገት በኑዌርኛ የሆነ ነገር ጮኹ፤ እሳቸው ሲጮኹ ሰምቶ የማያውቅ ኮሪደር ሁሉ በእልልታና በጭብጨባ ተናጋ። ኛይየን ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ሳቀች፤ ስትገልጠው ዓይኗ እርጥብ ነበር።

ሐሙስን ሙሉ ቀና አላለችም። ወንዶሰን ከኮምፒዩተሩ ጋር የተያያዘውን ማተሚያ ወረቀት እየመገበ፣ የወጣውን በተራ እየደረደረ ዋለ። ሥራው የእሱ አልነበረም፤ ልሂድ ግን አላለም። አሥር ሰዓት ላይ መቶ አርባኛው ገጽ ወጣ።

ዓርብ ጠዋት ኛይየን ራሷ ገጾቹ የታሸጉበትን ፖስታ አቅፋ በቢሮው መኪና ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሄደች። ወንዶሰን መሣሪያ ሳጥኑን በአንድ እጁ፣ ፖስታውን በሌላው ይዞ ወደ አውሮፕላኑ ሊሄድ ሲል «ያቺን ወረቀትሽን ስጪኝ» አላት። «ያን ፕሮግራም የጫንነው አንድ ቦታ ብቻ አይደለም።»

ከሦስት ሳምንት በኋላ ስልክ ደወለላት። መስመሩ እየተቆራረጠ ነበር። ከሌሎች ቆላ ከተሞች «ተቃጠለ» ተብለው የተመለሱ አራት ኮምፒዩተሮች መጋዘን ውስጥ ተከማችተው አግኝቷል። በእሷ መንገድ ለካቸው። አንዱ ብቻ እውነት ተበላሽቶ ነበር። ሦስቱ አንድ ብሎን ሳይቀየርላቸው ወደየመጡበት እየተላኩ ነው።

«ዋናው መሥሪያ ቤት ማን አገኘው ሲሉኝ፣ ኛይየን የምትባል የጋምቤላ ባለሙያ አልኳቸው» አላት። «ጸሐፊ ናት አላልኩም።»

አቶ ሆት ይህን ሲሰሙ ደብዳቤ ጽፈው በየቢሮው አስበተኑ፤ ኮምፒዩተር የደረሳቸው ሁሉ ሠራተኛ እንዲልኩ፣ የምታስተምረውም ኛይየን እንደሆነች የሚገልጽ። ሰኞ ጠዋት ስድስት ሰዎች ወንበር እየያዙ መጡ፤ ሁለቱ በዕድሜ አባቷ ይሆናሉ። ሰላምታ ሰጥታ አስቀመጠቻቸው፣ የኮምፒዩተሩን ጎን በእጇ ፈትታ አወረደችና «ቀረብ በሉ፤ አይናከስም» አለቻቸው።