የሁለተኛዋ ምስክር ቃል

ማህበራችን አምስት ሰው ነው። ሊቀመንበሩ አባቴ ነው፣ ጡረታ የወጣ ቀያሽ። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ፣ መነጽር ቤት ነው የምሠራው። ሥራችን «ሰማይ ላይ ምንነቱ ያልታወቀ ነገር አየሁ» የሚል ሰው ሲመጣ በሜትር፣ በኮምፓስና በሰዓት ማጣራት ነው። ሰፈሩ «ሰማይ ጠባቂዎች» እያለ ያላግጥብናል። ያላግጥ! መቶ አርባ ጉዳይ አጣርተናል፦ አውሮፕላን፣ ፊኛ፣ አንዴም ነፋስ የወሰደው የጎረቤት አንሶላ። መልስ ያጣንለት አንድ ብቻ ነው።

እሱም የአባቴ የራሱ ነው። ከሠላሳ ሁለት ዓመት በፊት መንገድ ሲቀይስ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጣሪያ በላይ ብርማ ክብ ነገር አራት ደቂቃ ቆሞ እልም አለ። የሥራ ጓደኞቹ «ፀሐይ ናላውን አዞረችው» ብለው መሳቂያ አደረጉት። «እኔም አይቻለሁ» ያለችው አንዲት ሰው ብቻ ናት፣ የማዶው ልብስ ሰፊ ልጅ። እናቴ ማለት ነች።

ዘንድሮ እንደኛው የሰማይ ነገር የሚያጣራ አንድ ትልቅ ማህበር ጻፈልን። የሁለቱም ምስክሮች ቃል ለየብቻ፣ በቦታው ላይ እንደገና ከተወሰደ ጉዳዩን በመጽሔቱ ያወጣዋል። አባቴ ከደስታው የተነሳ ምግብ አልበላ አለ። እናቴ ግን ጉልበቷን አመማት።

«አንቺ ጠይቂያት» አለኝ። «እኔ ባለጉዳይ ነኝ፣ ደንቡ አይፈቅድልኝም።»

ቅዳሜ ጠዋት ጎትቼ ወሰድኳት። ልብስ ስፌት ቤቱ አሁን ስልክ መጠገኛ ሆኗል።

«የት ሆነሽ አየሽ?»

«እዚህ፣ ማሽኑ ጋ። በበሩ በኩል።»

«ምን ያህል ነበር?»

ክንዷን ዘረጋች። «የአውራ ጣቴን ጥፍር ያህል።»

ቃል በቃል የአባቴ መልስ! ኮምፓሴን አወጣሁ። በሩ ወደ ምሥራቅ ነው። ወፍጮ ቤቱ በምዕራብ፣ ከግድግዳው ጀርባ።

«እማዬ፣ በግድግዳ ውስጥ ታያለሽ እንዴ?»

ስልክ ጠጋኙን በጎን አየት አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኔ ያየሁት አባትሽን ነው።»

«ምን?»

«እዚህ በር ላይ ቆሞ፣ ሁሉም እየሳቀበት፣ ‹እህቴ፣ አንቺም አላየሽም?› አለኝ። አንጀቴን በላው። አየሁ አልኩት። ከዚያ ወዲያ በምን አፌ ልመልሰው?»

ደሜ ፈላ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ!

«እጽፈዋለሁ» አልኳት።

«ጻፊው። እኔም ደክሞኛል።»

ጻፍኩት፣ ግን ሁለት ጊዜ ሰርዤ ነው። አባቴ ያን ሁሉ ስድብ የቻለው በዚህች አንዲት «አየሁ» ነዋ!

ቤት ስንደርስ ወረቀቱን ቆሞ አነበበው። መነጽሩን አወለቀ።

«ለካስ አንቺም አላመንሽኝም ነበር» አላት፣ ድምፁ ሰልሎ። ምነው እጄን በቆረጠው አልኩ።

እናቴ ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። «ማየቴን ጠየቅከኝ እንጂ ማመኔን መቼ ጠየቅከኝ? ያንተ ፎርም ላይ እንዲህ የሚል ጥያቄ አለ? ሌላው ቢያይ ኖሮ ያምንህ ነበር። እኔ ሳላይ ነው ያመንኩህ!»

አባቴ ቀይ እስክሪብቶውን አንስቶ ፎርሙ ላይ «ሁለት ምስክር» የሚለውን ሰርዞ «አንድ» ብሎ ጻፈ።

«አባዬ፣ መጽሔቱ እኮ አይቀበለውም» አልኩት።

«አይቀበለዋ!» ዓይኑ እንባ አቅርሮ ይስቃል። ወደ እሷ ዞረ። «ቆይ እስቲ፣ ያን ቀን እኔ ምን እመስል ነበር?»

«አቧራ በአቧራ!» አለችው። «ደግሞ ሸሚዝህን ገልብጠህ ነበር የለበስከው።»