ሦስቱ ባለቤቶች በአንድ ሳጥን

ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ባለው የጀልባ መመዝገቢያ ቢሮ ሠንጠረዥ የሚሠራ ሰው ሲፈለግ ከአገርነሽ ሌላ ስም አይጠራም ነበር፤ ሐፍሳ እስክትቀጠር ድረስ።

ከየወደቡ በኮምፒውተር የሚላከው የኤክስኤምኤል ፋይል በእያንዳንዱ ጀልባ ሥር የባለቤቶቹን ስም አንድ በአንድ ይደረድራል። ኃላፊው አቶ ይትባረክ በሠንጠረዥ፣ አንድ ጀልባ በአንድ መስመር፣ ባለቤቶቹም ሁሉ በአንድ ሳጥን እንዲሰፍሩ ፈለጉ። አገርነሽ ብትታገል ብትታገል የመጀመሪያው ስም ብቻ እየወጣ ሌሎቹ ይቀሩባታል። ሐፍሳ ግን ስሞቹን ከየጀልባው ሥር ለቅሞ በአንድ ሳጥን የሚያኖር አጭር ፕሮግራም ጽፋ ከምሳ በፊት ጨረሰች። አቶ ይትባረክ ከጀርባዋ ቆመው፣ እንዲህ ያለ ሰው ቀደም ብለን ባገኘን አሉ። አገርነሽ ሰማች። ምራቋ መረራት።

ሠንጠረዡን አይታ እንድትፈርምበት ለእሷ ተሰጣት። የቁንዝላ ወደብ ጀልባዎች ላይ ስትደርስ «መስዑድ ሀይደር አብዱልሃኪም» የሚል አየች። ሦስት ሸሪኮች መሆናቸውን ታውቃለች፤ በመካከላቸው ነጠላ ሰረዝ ስለሌለ ግን አንድ ሰው ከነአባቱና ከነአያቱ ይመስላል። አንድ ቃል ብትናገር ይታረም ነበር። እስቲ ጉብዝናዋን ይዩላት አለችና በሆዷ፣ ፈረመች።

ከሠንጠረዡ የጀልባዋ ፈቃድ ታትሞ ቁንዝላ ሲደርስ የወደቡ ጠባቂ፣ ጀልባዋ የመስዑድ ብቻ ናት ብሎ ሁለቱን ሸሪኮች ከለከላቸው። ሀይደርና ሽማግሌው አብዱልሃኪም ወረቀቱን ይዘው ቢሮው ድረስ መጡ። አቶ ይትባረክ ሐፍሳን በሰው ፊት ተቆጧት። አገርነሽ ደስ ይለኛል ብላ ነበር፤ ግን አላላትም።

ሐፍሳ ዓይኗ ቀልቶ ወደ አገርነሽ መጣች፤ ስህተቱ የቱ ላይ እንደሆነ እንድታሳያት ለመነቻት። አገርነሽ ወንበሯን ስባ፣ ስሞቹ በነጠላ ሰረዝ እንዲለያዩ ፕሮግራሙን አስተካከለችላት።

«እትዬ አገርነሽ፣ እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር?»

ምስጋናው ከስድብ ይልቅ ከበዳት።

«ቀድሞም አይቼው ነበር» አለች። «አይቼ ዝም አልሁ።»

«ለምን?»

«ቀናሁብሽ።»

ሐፍሳ የታረመውን ፈቃድ አትማ ወደ ግቢው ወጣች።

አገርነሽ፣ የፈረምሁበት እኔ ነኝ ልትል ወደ አቶ ይትባረክ ክፍል ስትሄድ በመስኮት አየቻቸው። ሽማግሌው ወረቀቱን ተቀብለው ሐፍሳን እየመረቋት ነው። አሁንም፣ ምርቃቱ ለእኔ በሆነ ብላ ተመኘች። ከዚያ በሩን አንኳኳች።