ቡ-ሶሪ

ልዩ ቻይንኛ መማር የጀመረችው ካዛንቺስ ውስጥ በሚገኝ አንድ የግል የቋንቋ ማሠልጠኛ ነበር። ጠዋት እንግሊዝኛ፣ ከሰዓት ቻይንኛ ይሰጥ ስለነበር ሁለቱ ቋንቋዎች ተማሪዎቹ አፍ ውስጥ ተቀላቅለው ሦስተኛ ነገር ወለዱ። ጀማሪው ዮአብ የሚባል ቀልደኛ ልጅ ነው። በቻይንኛ «ቡ» አይደለም ማለት እንደሆነ በተማሩ ማግስት ቃሏን እንግሊዝኛ ላይ እየለጠፈ መጣ። ፈተና ከከበደ «ቡ-ፌር» ነው፤ የቤት ሥራውን ያልሠራ ደግሞ «ቡ-ሬዲ» ነው። ቻይናዎች አይዞህ ሲሉ ቃል በቃል «ዘይት ጨምር» እንደሚሉ መምህርት ሊን ስትነግራቸው፣ ፈተና የሚገባውን ሁሉ «አድ ኦይል» እያሉ መሸኘት ያዙ።

ልዩ ድብልቁን ከሁሉም በላይ ወደደችው። የቻይንኛው ድምፅ ከፍ ዝቅ ማለቱ አልያዝልሽ ብሏት ልታቋርጥ ደርሳ ነበር፤ አንደበቷን የፈታው ይህ ጨዋታ ነው። ያፈረችበት ቃል ሁሉ በቀልድ መሀል ሳታስበው ይወጣላት ጀመር።

አንድ ቀን የአንድ ጨርቅ ፋብሪካ ቻይናዊ ኃላፊ አስተርጓሚ ለመምረጥ መጡ። የማሠልጠኛው ባለቤት አቶ አጽብሃ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው እንግዳውን ክፍል ለክፍል አዞሯቸው። ቻይናዊው ልዩ ፊት ቆመው በቋንቋቸው፣ ራስሽን ለማስተዋወቅ ተዘጋጅተሻል ወይ ብለው ጠየቋት። ደነገጠች፤ ሳታስበው «ቡ-ሬዲ» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እንግዳውም እንባቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። አቶ አጽብሃ ብቻ አልሳቁም።

እንግዳው እንደሄዱ ቢሮ አስጠሯት። ሰውየው ሲስቁብን አልታየሽም ወይ፣ ማሠልጠኛዬን መሳለቂያ አደረግሽው አሏት። ነገ ተማሪው ፊት ቆማ ይቅርታ ካልጠየቀች ስሟን ለፋብሪካው እንደማያስተላልፉ ነገሯት። ማታ እናቷ ነገሩን ስትሰማ፣ ይቅርታ ብትይ ምንሽ ይጎድላል፣ እንጀራሽ እኮ ነው ብላ ለመነቻት። ልዩም አሰበችበት። እንግዳ ፊት ያለ ቦታው መቀለዷ እውነት ነበር፤ ለእሱ ይቅርታ ማለት አልከበዳትም።

በነጋታው ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆመች። እንግዳ ፊት ስለቀለድኩ ይቅርታ ብላ ልትቀመጥ ስትል አቶ አጽብሃ እጃቸውን አነሱ።

«እሱ አይበቃም» አሉ። «ይሄ የምታደባልቁት ወሬ እንግሊዝኛም ቻይንኛም የማያውቅ ሰው ወሬ ነው በይ። ሁሉም ይስማሽ።»

ልዩ ዮአብን አየችው። አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ይነካካል። ጓደኛዋ ቢፍቱ ግን ዓይን ዓይኗን እያየቻት ነበር።

ልዩ በቻይንኛ፣ ረጋ ብላ፣ ድምፁን ሁሉ በየቦታው እያሳረፈች፣ መምህሮቿንም እንግዳውንም እንደምታከብር ተናገረች። ያንኑ በእንግሊዝኛ ደገመችው። መምህርት ሊን ከሰሌዳው አጠገብ ቆማ ነበር፤ የምታርመው አላገኘችም። በመጨረሻ ልዩ ወደ አማርኛ መጣች።

«ሁለቱንም አውቃለሁ፣ አቶ አጽብሃ። ባላውቅማ ማደባለቁንም አልችልበትም። ለቀልዴ ይቅርታ ጠይቄዎታለሁ። አላውቅም ብዬ ግን አልዋሽም። ለእሱ ቡ-ሶሪ።»

ማንም አልሳቀም። አቶ አጽብሃ በሩን በጣታቸው አሳዩዋት። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ደረጃው ላይ ኮቴ ሰምታ ስትዞር ቢፍቱ ናት። ሌላ የተከተላት አልነበረም። ማታ ዮአብ ደወለላት፤ በቃ ፈርቼ ነው አላት። «ገባኝ» አለችውና ስልኩን ዘጋች። ገብቷታል፤ ግን ከዚያ በኋላ አልደወለችለትም።

በሳምንቱ ወሎ ሰፈር ወዳለው የፋብሪካው ቢሮ ያለማንም ድጋፍ ሄደች። ዘበኛው ብዙ አስቆማት፤ አልሄድም አለች። ኃላፊው ሲያዩዋት አላስታወሷትም። ስለ ሽመና መኪና የተጻፈ አንድ ገጽ ሰጥተው ተርጉሚ አሏት፤ ግማሹን አላወቀችውም። በትሕትና አሰናበቷት።

ልዩ ግን አልተወችውም። ጎተራ ኮንዶሚኒየም፣ ቢፍቱ ቤት እየተገናኙ ክሩን፣ ማጉን፣ መዘውሩን በሦስት ቋንቋ ማጥናት ያዙ፤ አልያዝ ያላቸውን ቃል እንደ ልማዳቸው ያደባልቁታል፣ ይስቁበታል፣ ከዚያ አይረሱትም። ክረምቱ ሲወጣ ተመልሳ ያንኑ ገጽ ስጡኝ አለች። ኃላፊው ሌላ ገጽ ሰጧት። ሁለት ቦታ ብቻ ተሳሳተች፤ ለሙከራ ተቀጠረች።

እናቷ አሁን ታክሲ ሰልፍ ላይ አጠገቧ ለቆመ ሰው ሁሉ ታወራለች። «ይቅርታ ብለሽ እንጀራሽን ያዢ ብላት እንቢ አለችኝ እኮ፤ የማትሰማ ልጅ ናት» ትላለች። ስሞታ ይመስላል፤ ግን ሰልፉ አልቆ ታክሲው ውስጥ ገብታም አታቆምም።